መዝገብ ጠባቂና የመዝገብ ምሥጢር

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን የአባቶች አነጋገር በልጅነቴ ከመምህሬ አፍ ሰምቼ፥ ለብዙ ዘመን ሳልመረምረው አምኜው ኖርሁ። አነጋገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነት ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የወላይታ አገር ታሪክ፥ ሁለተኛውም በገዛ እጄ የሠራሁት ጥፋት ነው። ይህን ለእናንተ ለወጣቶች የምጽፈው፥ ነገ መዝገብ በእጃችሁ ሲገባ እኔ የሳትሁትን እንዳትስቱ ስለምሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፥ በ1984 ዓ.ም.፥ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው በሶዶ ከተማ፥ ስሙን በማልጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ሥራዬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፥ ለየጉዳዩ ቁጥር መስጠት፥ በየማኅደሩ ማስቀመጥና ሲጠየቅ አውጥቶ ማቅረብ ነበረ። በስተኋላ ያለው ዕቃ ቤት ግን ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች ባከማቹት ወረቀት እስከ ጣራው ተሞልቶ ነበር፤ ጣራው ያፈሳል፤ አይጥም ይመላለስበታል። አንድ ቀን አለቃዬ ዕቃ ቤቱ ለሌላ ሥራ ስለ ተፈለገ «ይህን ቆሻሻ አስወግደው» አለኝ። እኔም ምን እንዳለበት ሳላይ፥ ዝርዝር ሳልጽፍ፥ በኪሎ ለነጋዴ እንዲሸጥ አደረግሁ፤ በርክክቡም ወረቀት ላይ ፈረምሁ።

ከሳምንት በኋላ ከገበያ ቆሎ ብገዛ፥ ሴትዮዋ ጠቅልላ የሰጠችኝ በአንድ አሮጌ የደመወዝ መክፈያ ቅጠል ነበረ። ስሞች በተርታ ተጽፈውበታል፤ በየስሙም ፊት ፊርማ፥ መጻፍ ለማይችለው ደግሞ የጣት አሻራ ይታያል። እኔ ግን አንድም ስም አላነበብሁም፤ ቆሎውን በልቼ ወረቀቱን ጣልሁት። ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም። ጥፋት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በሚሠራበት ቀን ድምፅ የለውም።

እንግዲህ መዝገብ ጠባቂ ማለት ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ አስቀድመን እንመልከት። ሥራው ሦስት ነው፤ መቀበል፥ መጠበቅና መስጠት። ተቀብሎ የማይጠብቅ፥ እንደ እኔ ያለ ወረቀት ሻጭ ነው። ጠብቆ የማይሰጥ ደግሞ ቁልፍ የያዘ ወህኒ ጠባቂ ነው። ሥራው ዝቅተኛ መስሎ ይታያል፤ በመዝገብ ቤት የተመደበ ሰው እንደ ተቀጣ ይቈጠራልና። ነገር ግን መንግሥታት ራሳቸው ያለ እርሱ መቆም እንደማይችሉ ታሪክ ይመሰክራል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙ መጻሕፍት ተዘርፈው፥ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1864 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው፥ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ እንዲመለስላቸው ለመኑ። ምክንያታቸውም፥ የአገሩ ሕግና የሹማምንቱ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በዚያ መጽሐፍ ስላለ፥ ያለ እርሱ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን አይቀበልም የሚል ነበረ። መጽሐፉም ተመለሰ። ያን ያህል ጦር የነበራቸው ንጉሥ አንድ መጽሐፍ መለመናቸው፥ መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል።

በአገራችን ከመልካም መዝገብ ጠባቂዎች አንዱ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ነበሩ። አባታቸው ጸሐፊ ትእዛዝ ወልደ መስቀል ታሪኩ ስለ ነበሩ፥ በቤተ መንግሥት ጽሕፈትና ማኅተም አጠገብ አደጉ። እሳቸውም ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግብር፥ ስለ ማዕረግና ስለ ቤተ መንግሥት ሥርዓት የተገኘውን ሰነድ ሰብስበው፥ በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር» በተባለ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ ታተመ። በጥቂት ሹማምንት እጅ ብቻ የነበረው ዕውቀት በዚህ መጽሐፍ የሁሉ ሆነ። የደቡብ ገበሬ ምን ይከፍል እንደ ነበረ፥ ምን ያገለግል እንደ ነበረ ዛሬ የሚመረምር ሰው ይህን መጽሐፍ ሳይከፍት አያልፍም። ሳጥኑን ዘግቶ መሞት ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን ከፍተው አለፉ።

ነገር ግን መዝገብ ቢከፈትም ሁሉን አይናገርም። የሚናገረው የጻፈው እጅ ሊናገር የወደደውን ነው። ይህን ለመረዳት የወላይታን ታሪክ ተመልከቱ። በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዐፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘመቱ፤ የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋጉ፤ ተሸነፉም፤ ቆስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። የዚህ ነገር ምስክሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ምስክር የንጉሠ ነገሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፊ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ ናቸው። እሳቸው የጻፉት በንጉሡ ድንኳን ደጃፍ ቆመው ነው፤ የሚያዩትም ንጉሡ የሚያዩትን ነው። መጽሐፋቸው አስቀድሞ በፈረንሳይኛ ተተርጕሞ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1930 እና በ1931 በፓሪስ ወጣ፤ በተጻፈበት በአማርኛ ለሕዝብ ታትሞ የወጣው ግን በ1959 ዓ.ም. ነው። የዘመቻው ልጆች አርጅተው እስኪሞቱ ድረስ፥ ለ72 ዓመት፥ የገዛ አገራቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው የተጻፈውን በታተመ መጽሐፍ ሊያነቡት አልቻሉም ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር ከጦሩ ጋር የሄደው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሔይም ነው። እርሱ ንጉሡን የሚያስደስትበት ግዴታ ስላልነበረው፥ ያየውን ግድያና የምርኮውን ክፍፍል፥ ከብቱንም ሰዉንም፥ ጽፎ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1896 በፓሪስ አሳተመ። ሆኖም እርሱም የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ ነበረና፥ ያየው በዐይኑ እንጂ በጆሮው የሰማው ጥቂት ነው። በሁለቱም መጻሕፍት የነገሥታትና የመኳንንት ስም ይገኛል፤ በእርሻው ላይ የወደቀው የወላይታ ገበሬ ስም ግን በአንዱም የለም።

ሦስተኛው ምስክር ሽማግሌው ነው። በወላይታ ሕዝቡ በጎሳ በጎሳ የተከፈለ ነው፤ ጎሳዎቹም ማላና ዶጋላ በተባሉት በሁለቱ ታላላቅ ወገኖች ይጠቃለላሉ። የአንድ ጎሳ ወንድና ሴት እንዳይጋቡ ትውልድ መቍጠር ግድ ስለ ሆነ፥ በየቀበሌው የዘር ሐረግ በልቡ የያዘ ሽማግሌ ይኖራል። ጠመኔና ሰሌዳ የሌለው መዝገብ ጠባቂ ይህ ነው። እርሱ በዚያ ዘመቻ ከየትኛው ቤት ማን እንደ ሞተ፥ ማን ተማርኮ እንዳልተመለሰ፥ የትኛው ቤተ ሰብ ወደ የት እንደ ሸሸ ይናገራል። ከዳር ቆመው የሚመሰክሩለት ድንጋዮችም አሉ፤ በንጉሥ ኢጃጆ ስም የሚጠራው ኢጃጆ ኬላ፥ ጭቃ ሳይገባበት በድንጋይ ብቻ የተካበው ረጅም ካብ፥ በዚህ አገር ጠላትን የሚከላከል መንግሥት እንደ ነበረ አንባቢ ሳይፈልግ ይናገራል።

ደግሞም አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ሁለት መልክ ይኖረዋል። ገድለ ተክለ ሃይማኖትን ያነበበ ሰው ሞተለሚ የተባለውን የዳሞት ገዢ፥ በመጀመሪያ አሳዳጅ በኋላም ተጠማቂ ሆኖ ያገኘዋል። በወላይታ ሽማግሌዎች አፍ ደግሞ የነገሥታቱ ቍጥር ከሞቶሎሚ ይጀምራል፤ እርሱ የመንግሥት አባት ነው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ሰውየውን አወቅሁት ማለት አይችልም። ነገር ግን ሽማግሌውንም እንደ መልአክ አንቍጠረው፤ ቃልም የራሱን ጎሳ ያገንናል፤ የአባቱን ነውር ይሰውራል፤ ሁለቱን ዘመን አንድ ያደርጋል። ስለዚህ ብልህ ሰው ወረቀቱን በሽማግሌው፥ ሽማግሌውን በወረቀቱ፥ ሁለቱንም በድንጋዩ ይመዝናል።

የወላይታን ነገር በመዝገብ ለሚፈልግ ወጣት ሌላ እንቅፋትም አለ፤ ይኸውም የስምና የስፍራ መለዋወጥ ነው። በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ወረቀት ሕዝቡን የሚጠራው ራሱን በሚጠራበት ስም ሳይሆን «ወላሞ» እያለ ነበረ። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዚህ አገር የተቋቋመው ትልቁ የእርሻ ልማት ድርጅት እንኳ በዚያ ስም ነበር የሚጠራው። ስለዚህ «ወላይታ» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የአባቱን ጉዳይ ለማግኘት አባቱ በማይወደው ስም መጠየቅ አለበት። ስፍራውም እንዲሁ ነው። ወላይታ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ስለ ነበረ፥ የበላይ ጽሕፈት ቤቱ በፊት በይርጋለም ኋላም በአዋሳ ነበረ። ቀጥሎ በሰሜን ኦሞ ሥር ሆኖ ከአርባ ምንጭ ተገዛ፤ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። መሥሪያ ቤት በተዛወረ ቍጥር ሣጥን ይጫናል፤ ሣጥን በተጫነ ቍጥር አንድ ማኅደር ይቀራል። ወረቀት በእሳት ከሚጠፋው ይልቅ በመኪና ላይ የሚጠፋው ይበዛል ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

አንዳንዱም መዝገብ ባሕር ተሻግሮ ይኖራል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ መጥተው በኦቶና ተቀመጡ፤ በ1929 ዓ.ም. ጣሊያኖች አስወጧቸው። በወጡ ጊዜ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ በተመለሱ ጊዜ ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ ምእመናን እንዳገኙ ጽፈዋል። በመካከል ያሉት ዓመታት፥ የእስራቱና የግርፋቱ ዘመን፥ በሚሲዮኑ ደብዳቤ ውስጥ አይገኙም፤ ጸሐፊዎቹ በአገር አልነበሩምና። እነዚያን ዓመታት የያዙት የወላይታ ምእመናን ራሳቸው በቃላቸው ነው፤ ኋላ ሬይሞንድ ዴቪስ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1966፥ ፖል ባሊስኪም በ2009 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ከቃል ወደ ጽሑፍ ገቡ። የቀሩት ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች ግን ዛሬ በአሜሪካ በሚሲዮኑ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። የቅድመ አያቱን መልክ ለማየት የሚሻ የሶዶ ልጅ አትላንቲክን መሻገር አለበት።

ጣሊያኖችን ካነሣሁ ዘንድ፥ ምሥጢር በመዝገብ ቤት ስንት ዘመን ሊተኛ እንደሚችል ከእነርሱ እንማር። ፋሽስቶች በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ ማፍሰሳቸውን የኛ አባቶች በቈሰለ ገላቸው አውቀውት ነበር። ኢጣሊያ ግን ለብዙ ዘመን ካደች። በጦርነቱ መኰንን ሆኖ የነበረው ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እኔ እዚያ ነበርሁ፥ ጋዝ አላየሁም እያለ ይከራከር ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ደግሞ በሮማ ካሉት መዝገቦች የትእዛዙን ቴሌግራም እያወጣ ይመልስለት ነበር። በመጨረሻ በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስትር ነገሩ እውነት መሆኑን አመኑ፤ ሞንታኔሊም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ስድሳ ዓመት ሙሉ እውነቱ በሣጥን ውስጥ ነበረ፤ የጐደለው የሚከፍተው እጅና የሚያምነው ልብ ነው።

ነገር ግን እዚህም ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ ስለ ተገደሉት መነኰሳትና ዲያቆናት ግራዚያኒ ወደ ሮማ ያስተላለፈው ቍጥር ሲደመር 449 ነበረ። ይህ ቍጥር በማኅተም የተጻፈ ስለ ሆነ ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ተቈጠረ። ኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ወደ ስፍራው ሄደው፥ ነገሩን ያዩትን ሽማግሌዎች ጠይቀው፥ የተጫኑትን ሰዎችና መኪናዎቹን ቈጥረው ቢመረምሩ፥ የሟቾቹ ቍጥር ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ ገመቱ። ገዳዩ የጻፈው ቍጥርና የገበሬው ትዝታ ሲገናኙ ልዩነቱ ይህን ያህል ሆነ። ስለዚህ በቃል ያለው ሁሉ አልተረሳም፤ በጽሑፍ ያለውም ሁሉ እውነት ሆኖ አልተወረሰም።

በደርግ ዘመን ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ታየ። በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ያውቁ ነበር፤ ማንም ግን ቃላቸውን አልጻፈም ነበር። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግን መዝገቦች ሲከፍት፥ የግድያ ትእዛዞች በፊርማና በማኅተም ተጽፈው፥ በሥርዓት ተቀምጠው ተገኙ። ፍርዱ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ፥ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በ1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። እነዚያ ወረቀቶች ከሙታን ስም አጠገብ የገዳዮችን ፊርማ ይዘው የቆዩት፥ አንድ የማይታወቅ ጸሐፊ ቍጥር ሰጥቶ በማኅደሩ ስላስቀመጣቸው ነው። ከግፍ ሁሉ የሚገርመው ግፈኛ የራሱን ምስክር አስጽፎ ማስቀመጡ ነው።

የልብ ወለድ ደራሲዎችም ይህን ነገር ያውቁታል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1949 ባሳተመው «1984» በተባለው መጽሐፍ፥ ዊንስተን ስሚዝ የተባለው ሰው ሥራው ያለፉ ጋዜጦችን እያረመ፥ መንግሥት ትናንት የተናገረውን ዛሬ ከሚናገረው ጋር ማስማማት ነው። የቀድሞው ወረቀት እሳት ወዳለበት ጕድጓድ ይጣላል። በአገራችን ተወላጅ በመዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2019 በታተመው ስለ ጣሊያን ወረራ በሚተርከው ልብ ወለድ ደግሞ፥ ሒሩት የተባለችው አርበኛ አንድ ጣሊያናዊ ወታደር ያነሣቸውን ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች በሣጥን ይዛ ለብዙ ዓመት ትኖራለች፤ እርሷ ራሷ ተማርካ የተነሣችው ፎቶግራፍም አለበት። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ እውነትን ያጠፋል፤ አንዷ ማንም ሳይሾማት የሚያሳፍራትንም ሥዕል ሳይቀር ትጠብቃለች። ከሁለቱ እውነተኛው መዝገብ ጠባቂ ማን እንደ ሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ወረቀቱን ከሸጥሁ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1991 ዓ.ም.፥ አንዲት አሮጊት ወደ መሥሪያ ቤቴ መጡ። ባላቸው በዚያ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆነው 19 ዓመት አገልግለው ሞተዋል፤ የጡረታ አበል ለማግኘት የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ ተጠይቀዋል። «ልጄ፥ የባለቤቴ ስም እዚህ ቤት ነበረ፤ በየወሩ ጣታቸውን ያስነኩበት ወረቀት ነበረ» አሉኝ። የጣት አሻራውን ባነሡ ጊዜ የቆሎው መጠቅለያ ትዝ አለኝ። እኔም «እማማ፥ ፈልጌ አጣሁት» አልኋቸው። የት እንደ ሄደ ግን አልነገርኋቸውም።

በሚቀጥለው ሳምንት መጡ፤ ያንኑ መለስሁላቸው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከሩቅ መንደር በእግራቸው እንደሚመጡ አወቅሁ። መዝገብ ቤት ስለሚሸሽገው ምሥጢር ብዙ ይባላል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ትልቁ ምሥጢር ግን የመንግሥት ምሥጢር አልነበረም፤ የእኔ የገዛ ጥፋቴ ነበረ። ዐይናቸውን ለማየት እያፈርሁ «እማማ፥ አልጠፋም፤ እኔ ነኝ የሸጥሁት» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያስ አንተው ከእሳቸው ጋር የሠሩትን ሰዎች ፈልግልኝ» አሉኝ።

ሁለት ወር ፈለግሁ። ሦስት አሮጌ ሠራተኞች ተገኙ፤ ቃላቸውን እንደ ተናገሩት ጻፍሁ፤ ከመዝገብ ያጠፋሁትን ከአፋቸው ለቀምሁ። ነገር ግን ሰው የሚያስታውሰው አብሮ የቆየበትን ዘመን ብቻ ነው፤ ሦስቱ ተደምረው ሊመሰክሩ የቻሉት 11 ዓመት ሆነ። አበሉም በዚያው ተሰላ። የቀሩት 8 ዓመታት፥ ሌሊት ሌሊት በብርድ የቆሙባቸው 8 ዓመታት፥ በእኔ ፊርማ በኪሎ ተሸጠዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙ አስቤ የደረስሁበትን ልንገራችሁ። ምሥጢር ሁሉ አንድ አይደለም። ደካማውን የሚጠብቅ ምሥጢር አለ፤ ኃይለኛውን የሚሸፍን ምሥጢርም አለ። የታመመ ሰው ለሐኪም የተናገረው፥ የተደፈረች ልጅ በፍርድ ቤት የሰጠችው ቃል፥ በጉዲፈቻ ያደገ ሕፃን ማኅደር በዘበኛ እጅ ቢዘጋ የተገባ ነው፤ የሚዘጋው ለባለጉዳዩ ክብር ነውና። ሹም የሰረቀው ገንዘብ፥ ፖሊስ የገደለው ሰው፥ መሥሪያ ቤት ያጠፋው ወረቀት «ጥብቅ ምሥጢር» ተብሎ ሲዘጋ ግን ቁልፉን የያዘው ሰው የወንጀሉ ተባባሪ ይሆናል። በአገራችን በ1991 ዓ.ም. ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179 ወጥቷል፤ በ2000 ዓ.ም.ም በአዋጅ ቁጥር 590 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ተደንግጓል። ሕግ ግን በር ላይ እንደ ተሰቀለ ቁልፍ ነው፤ የሚከፍት እጅ ያስፈልገዋል። አንድ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ «ይህ ቢዘጋ ማን ይጠበቃል? ቢከፈትስ ማን ይፈራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ የምታደርጉትን ይነግራችኋል።

ወጣቶች ሆይ፥ ሁላችሁ የመዝገብ ቤት ሹም አትሆኑም፤ ነገር ግን በየቤታችሁ ሣጥን አለ፤ በየቤታችሁም ሽማግሌ አለ። በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲመጣ ቤተ ሰብ ሁሉ ይሰበሰባል። በዚያን ጊዜ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የነገሯችሁን እንደ ነገሯችሁ ጻፉ፤ አታሳምሩት፤ የሚያሳፍር መስሎ የታያችሁንም አትዝለሉት። የነገራችሁን ሰው ስም፥ ቀኑንና ስፍራውን ከታች አስፍሩ፤ ስም የሌለው ቃል ነገ ማንም አያምነውምና። አሮጌ ደብዳቤ፥ ደረሰኝ፥ ፎቶግራፍ ብታገኙ ከመጣላችሁ በፊት አንብቡት፤ ልታስወግዱት ግድ ቢሆን እንኳ ምን እንደ ነበረ ዝርዝሩን ጻፉ። ከሁሉም በላይ፥ የጠፋ ነገር ቢኖር ጠፋ በሉ፤ ያጠፋችሁት እናንተ ከሆናችሁም እኔ ነኝ በሉ። ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ የቀረው መዝገብ የጠባቂው ቃል ነውና፥ እርሱ ደግሞ ከተዋሸ ባለጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተዘረፈ።

እኔ ዛሬ አርጅቻለሁ። በሶዶ ገበያ ሳልፍ ቆሎ ብገዛ፥ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቼ ሳላነብ አልጥለውም።